ነቀርሳና የሰውነት ዘበኞች፤ ስለ ጥቃቅን መልእክተኛ ከረጢቶች ለመምህራን የተደረገ ንግግር



በሐርጌሳ ከተማ 26 ጁን የሚባል ሰፈር ይገኛል። ስሙ የቀን ስም ነው። የእንግሊዝ ሶማሊላንድ በአውሮጳ አቈጣጠር ጁን 26 ቀን 1960፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. ነጻነቱን ያገኘበት ዕለት እንዳይረሳ ሰፈሩ በዚያ ቀን ይጠራል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጭም አንባቢም ይረዳ።

ይህ አገር ሁሉ የሚያስበው ቀን ነው። ነገር ግን በየቤቱ ለብቻ የሚታሰብ ቀንም አለ። ሐኪም የእናትን ወይም የአባትን በሽታ መርምሮ «ነቀርሳ ነው» ያለበት ቀን ከቤተ ሰብ ልብ አይጠፋም። ከኢትዮጵያና ከኬንያ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘረጋው በምሥራቁ የአፍሪካ ክፍል፣ ምግብ የሚወርድበት የጉሮሮ ቧንቧ ነቀርሳ ከብዙው የዓለም ክፍል ይልቅ በርትቶ ይታያል፤ የጡትና የማሕፀን በር ነቀርሳም በሴቶች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። ሕክምናው ሩቅ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ1997 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። ከሐርጌሳም ዐቅም ያለው በሽተኛ በውጫሌ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ፣ በጅጅጋ አልፎ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል፤ ዐቅም የሌለው ከቤቱ ይቀራል።

በሽተኛው ሲመለስ፣ ወይም ሳይመለስ ሲቀር፣ ጎረቤት የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ወባን የቻለ፣ ኩፍኝን የቻለ ሰውነት ለዚህ እንዴት ተሸነፈ?» አንዳንዱ «ልቧ ስለ ደከመ ነው» ይላል፤ ሌላው ርግማን ነው ይላል፤ ሌላውም ዝም ብሎ ይርቃል። ጥያቄውም በማግሥቱ የበሽተኛዋ ልጅ ከተቀመጠበት ክፍል ድረስ ይገባል፤ ከመምህሩም መልስ ይጠበቃል። የዚህ ንግግር ዐሳብ ያን መልስ ማዘጋጀት ነው። መልሱም በአጭሩ ይህ ነው፤ ሰውነት ከመዋጋት አልሰነፈም፤ ነቀርሳው በሰውነት በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ሐሰተኛ መልእክት እየላከ ዘበኞቹን አሳታቸው።

ነገሩ እንዲገባ በመጀመሪያ ስለ ዘበኞቹ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ ሥራቸውም የተከፋፈለ ነው። ዴንድሪቲክ የሚባሉት ሕዋሳት ቃፊሮች ናቸው፤ ከየአካሉ ባዕድ ነገር ለቅመው ወደ ንፍፊት ይወስዱና ለሌሎቹ ያሳያሉ። ቲ ሕዋሳት የታያቸውን ምልክት ይዘው ጠላትን ፈልገው ይገድላሉ። ቢ ሕዋሳት በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን መከላከያ ንጥረ ነገር ያዘጋጃሉ። ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉት ደግሞ ማንም ሳያስተምራቸው የተበላሸ ሕዋስ ሲያዩ የሚመቱ ናቸው። እነዚህ ሁሉ እንደ አንድ ሠራዊት እንዲሠሩ መነጋገር አለባቸው። ከሚነጋገሩባቸውም መንገዶች አንዱ ከረጢት ነው።

ጤነኛም ሆነ በሽተኛ፣ የሰው ሕዋስ ሁሉ ከራሱ ቆርሶ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶችን ወደ ውጭ ይልካል። ከእነዚህ ውስጥ ኤክሶሶም የተባሉት በሕዋሱ ውስጥ ተሠርተው የሚወጡ ናቸው፤ መጠናቸውም ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ይደርሳል። ብዙ መቶዎቹ ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንዲት ጠጉርን ውፍረት ያህላሉ፤ ስለዚህም በተራ አጉሊ መነጽር አይታዩም። ከረጢቱ በስብ ሽፋን ተጠቅልሎ በውስጡ ፕሮቲንና የዘር ትእዛዝ ቁራጭ ይይዛል፤ በላዩም የላኪውን ማንነት የሚያሳዩ ምልክቶች ተተክለውበታል። ደብዳቤ ቢሉት ስሕተት አይሆንም፤ ውስጡ ጽሑፍ፣ ላዩ ማኅተም ነውና።

ሊቃውንት ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ጥራጊ ቈጥረውት ነበር። በ1967 ፒተር ዎልፍ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከደም አርጊ ሕዋሳት የሚወጣውን ደቃቅ ነገር አይቶ ትቢያ ብሎ ጠራው። በ1983 ደግሞ በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ ሮዝ ጆንስቶንና የሥራ ጓደኞችዋ የበግ ደም ሲመረምሩ አንድ አዲስ ነገር አገኙ። ለጋው ቀይ የደም ሕዋስ ብረት የሚቀበልበት መሣሪያ አለው፤ ሲጎለምስ ግን አያስፈልገውም። ያን መሣሪያ በጥቃቅን ከረጢቶች ጠቅልሎ ወደ ውጭ ሲጥለው ተገኘ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የሚሠሩ ሰዎች በአይጥ ደም ተመሳሳዩን አዩ። ኤክሶሶም የሚለውን ስም ጆንስቶን በ1987 አወጣችለት። በሐርጌሳ የከብት ገበያ በግ የሚነዳ፣ ወይም ከበርበራ ወደብ በግ በመርከብ የሚጭን ሰው፣ ይህ ታላቅ ትምህርት ከበግ ደም መጀመሩን ቢሰማ ሳይደነቅ አይቀርም። በዚያን ጊዜም ከረጢቱ የቈሻሻ መጣያ እንጂ መልእክተኛ ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበረ።

ይህን አስተያየት የለወጠው በ1996 የታተመው ሥራ ነው። ግራሳ ራፖዞና ጓደኞችዋ በኔዘርላንድ፣ ኡትሬክት፣ የሰው ቢ ሕዋሳት የሚያወጡአቸውን ከረጢቶች ሰብስበው ከቲ ሕዋሳት ጋር ቢያገናኙአቸው፣ ቲ ሕዋሳቱ ተነሣሡ። የላከው ሕዋስ በሌለበት ከረጢቱ ብቻውን ዘበኛን ማንቃት ቻለ ማለት ነው። እንግዲህ ትቢያ የተባለው ነገር አስተማሪ ሆኖ ተገኘ።

እነዚያ ቢ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ እንዲራቡ የተደረጉት በአንድ ቫይረስ አማካይነት ነበር። የቫይረሱም ታሪክ ወደ አፍሪካ ይመልሳል። ዴኒስ በርኪት የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም ነበረ፤ በልጅነቱ አንድ ዐይኑን አጥቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ጦር የሕክምና ክፍል ሆኖ በኬንያና በሶማሊላንድ አገለገለ፤ ከጦርነቱም በኋላ ወደ ኡጋንዳ ሄዶ በዚያ ቀዶ ጥገና ይሠራ ጀመር። በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣ፣ በፍጥነት የሚያድግና የሚገድል ዕጢ ደጋግሞ አየ፤ በ1958ም ስለዚሁ ጽፎ አሳተመ። በ1961 በለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል ንግግር ሲያደርግ አንቶኒ ኤፕስታይን የሚባል ወጣት ተመራማሪ ከአድማጮቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። ኤፕስታይን የሰማውን ይዞ የዕጢው ቁራጭ ከኡጋንዳ በአውሮፕላን እንዲላክለት አደረገ፤ በ1964ም ከአቾንግና ከባር ጋር ሆኖ ዛሬ ኤፕስታይን ባር የሚባለውን ቫይረስ በኤሌክትሮን አጉሊ መነጽር አየ። በሰው ላይ ነቀርሳ ከሚያስከትሉ ቫይረሶች መጀመሪያ የታወቀው ይህ ነው። አንድ ንግግር በትክክለኛው አድማጭ ጆሮ ሲወድቅ ምን እንደሚያፈራ ለመምህራን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

ይህ ቫይረስ የከረጢቶቹን ሌላ ጠባይ ለማወቅም ረዳ። በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቫይረሱ የያዛቸው ቢ ሕዋሳት የቫይረሱን አጫጭር የዘር ትእዛዞች በኤክሶሶም ጠቅልለው ወደ ዴንድሪቲክ ሕዋሳት ይልካሉ። ተቀባዩ ቃፊር ራሱ በቫይረሱ ሳይያዝ፣ ዘበኞችን ለመጥራት የሚያገለግለው ትእዛዝ ይታፈንበታል። በ2009ም ከአፍንጫ በስተኋላ ባለው ጉሮሮ ላይ የሚወጣና ከዚሁ ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነቀርሳ ሲመረመር፣ ከረጢቶቹ ጋሌክቲን 9 የሚባል ፕሮቲን ተሸክመው ቫይረሱን ለይተው የሚያውቁትን ቲ ሕዋሳት ሲገድሉ ታዩ። በጤነኛ ሰውነት ዘበኛን የሚያነቃው መንገድ በነቀርሳ እጅ ሲገባ ዘበኛን የሚያፍንና የሚገድል ሆነ።

እንግዲህ የነቀርሳ ከረጢቶች በሰውነት መከላከያ ላይ የሚሠሩትን ዐይነተኛ ሥራ በሦስት ከፍሎ መመልከት ይቻላል።

አንደኛ፣ ከሩቅ ልጓም ይስባሉ። ቲ ሕዋስ ከልክ አልፎ ጤነኛውን አካል እንዳይጎዳ ተፈጥሮ ልጓም አበጅታለታለች፤ ፒ.ዲ. 1 ይባላል። ልጓሙን የሚስበው ፒ.ዲ.ኤል. 1 የተባለው ፕሮቲን ነው። ብዙ የነቀርሳ ሕዋሳት ይህን ፕሮቲን በላያቸው ተክለው የቀረባቸውን ዘበኛ እንደሚያቆሙት አስቀድሞ ታውቆ ነበር። በ2018 የፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጨመሩት ዕውቀት፣ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ነቀርሳ ያን ፕሮቲን በኤክሶሶም ላይ ተክሎ በደም ውስጥ የሚያሠራጭ መሆኑን ነው። ዘበኛው ገና ወደ ዕጢው ሳይደርስ በመንገድ ላይ «ተመለስ» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይቀበላል። ከሁሉም የሚያስደንቀው፣ ዘበኞቹ ለውጊያ ሲነሡ የሚያፈልቁት ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለው ንጥረ ነገር በከረጢቶቹ ላይ ያለውን ፕሮቲን ያበዛዋል። ዘበኞቹ በበረቱ መጠን ሐሰተኛውም ደብዳቤ ይበዛል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ተፈጥሯዊ ገዳዮችን ያሳውራሉ። እነዚህ ሕዋሳት የተበላሸውን የሚለዩበት እንደ ዐይን የሚያገለግል ተቀባይ አላቸው። የነቀርሳ ከረጢቶች ያ ዐይን የሚፈልገውን ምልክት ተሸክመው ይመጣሉ፤ ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታ የሚባለውን አደንዛዥ ንጥረ ነገርም ይጨምሩበታል። ገዳዩ ሕዋስ በየመንገዱ በባዶ ከረጢት ላይ ሲደክም ዐይኑ ይቀንሳል፤ ወደ እውነተኛው ዕጢ ሲደርስ ጠላቱን አጥርቶ አያይም።

ሦስተኛ፣ ነቀርሳው ወደ ሌላ አካል ከመሰደዱ በፊት ማረፊያ ያዘጋጁለታል። በ2015 በኒው ዮርክ የዴቪድ ላይደን ቡድን እንዳሳየው፣ በአይጦች ላይ የቆሽት ነቀርሳ ከረጢቶች ወደ ጉበት ሄደው ኩፕፈር በሚባሉት የጉበት ዘበኞች ይዋጣሉ። ኩፕፈር ሕዋሳት በዚህ ተታልለው ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታ ያፈልቃሉ፤ ጉበቱ መዋቅሩን ይለውጣል፤ ከመቅኔ የሚመጡ ሌሎች ሕዋሳትም ይሰበሰባሉ። የነቀርሳው ሕዋስ ራሱ ሲደርስ ቤቱ ተነጥፎ ይጠብቀዋል። ያነጠፈውም የጉበቱ የራሱ ዘበኛ ነው።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ተስፋ ሊቈርጥ ይችላል። ነገር ግን ሐሰተኛ ደብዳቤ የጻፈ ሰው የእጅ ጽሑፉን ትቶ ይሄዳል። በ2001 በፈረንሳይ አገር የተደረገ ሥራ እንዳስረዳው፣ የነቀርሳ ከረጢቶች የነቀርሳውን መታወቂያ ምልክት ይዘዋል፤ ቃፊሮች ተቀብለው ለቲ ሕዋሳት ቢያሳዩት ማስተማሪያ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በፊት በ1998 በፓሪስ ሎራንስ ዚትቮጌልና ጓደኞችዋ የነቀርሳ ምልክት ከተሰጣቸው ዴንድሪቲክ ሕዋሳት የወጣውን ኤክሶሶም ለአይጦች ቢሰጡ ዕጢው እንዲመለስ አድርገዋል። ይኸው ዘዴ በሰው ሲሞከር ውጤቱ እንደ አይጡ አልሆነም፤ በ2016 የታተመው የሳንባ ነቀርሳ ሙከራ በአንዳንድ በሽተኞች ተፈጥሯዊ ገዳዮችን ቢያነቃቃም የታሰበለት ግብ ላይ አልደረሰም። በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው እንደማይደገም ተማሪ ከመምህሩ ሊሰማው የሚገባ ነገር ነው።

ከሙከራዎቹ ሁሉ በተለይ ሊተረክ የሚገባው በ2019 በሳን ፍራንሲስኮ የሮበርት ብሌሎክ ቡድን ያሳተመው ነው። ተመራማሪዎቹ ልጓሙን በሚከላከል መድኃኒት የማይበገር የአይጥ የፕሮስቴት ነቀርሳ ወሰዱ። የነቀርሳውን የዘር ትእዛዝ ለውጠው ኤክሶሶም መላክ እንዳይችል አደረጉና በጤነኛ አይጦች ላይ ተከሉት፤ አላደገም። መከላከያ ኀይላቸው በጠፋባቸው አይጦች ላይ ሲተከል ግን አደገ። ከዚህ የተነሣ ነቀርሳውን ያስቆሙት ዘበኞቹ እንደ ሆኑ ተረጋገጠ። ካልተለወጠው ነቀርሳ የተሰበሰበ ኤክሶሶም በመርፌ ሲሰጣቸውም ዕጢው እንደ ገና ማደግ ጀመረ። ከዚያ ወራት አልፎ፣ ዕጢውን ለተቋቋሙት አይጦች ያልተለወጠውንና ኤክሶሶም የሚልከውን ነቀርሳ ቢተክሉባቸው፣ እርሱም አላደገም። ዘበኞቹ አንድ ጊዜ ሐሰተኛው ደብዳቤ ተቋርጦላቸው ጠላታቸውን በግልጥ ስላዩ፣ ኋላ ደብዳቤው ቢመጣም አልተታለሉም። ያለ ማደናገሪያ የተማሩትን ትምህርት አልረሱትም።

ልጓሙን ስለሚከለክሉት መድኃኒቶችም አንድ ቃል ያስፈልጋል። ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ስለ ፒ.ዲ. 1፣ አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንም ስለ ሌላው ልጓም ባደረጉት ምርምር በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከዚህ ሥራ የተገኙት መድኃኒቶች ቀድሞ ተስፋ የሌላቸውን ብዙ በሽተኞች አድነዋል፤ ሆኖም ለሁሉ አይሠሩም። በሜላኖማ በሽተኞች ላይ እንደ ታየው፣ ከሕክምናው በፊት በደማቸው ውስጥ ፒ.ዲ.ኤል. 1 የተሸከመ ኤክሶሶም የበዛባቸው በመድኃኒቱ የመዳን ዕድላቸው ያነሰ ነበር። እንግዲህ ከረጢቱ መድኃኒቱ የሚሠራለትንና የማይሠራለትን ለመለየት አንድ ቀን በደም ምርመራ ሊያገለግል ይችላል።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር አለበት። የሳይንስ ስም በተሰማ ቍጥር ስሙን ይዞ የሚነግድ አይጠፋም። በአንዳንድ አገሮች ኤክሶሶም መድኃኒት ነው እየተባለ ለልዩ ልዩ በሽታ ይሸጣል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2019 ሕዝቡ ከእንዲህ ያለው ያልተፈቀደ ነገር እንዲጠነቀቅ አስታውቋል። ቤቱንና ግመሉን ሸጦ ለሕክምና ገንዘብ ያዘጋጀ ቤተ ሰብ ገንዘቡን ለእንዲህ ያለ ሻጭ እንዳይሰጥ መምከር የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

አሁን ወደ መምህሩ ሥራ እንመለስ። መምህር ነቀርሳን አያክምም፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል።

የመጀመሪያው ነውርን ከበሽተኛ ላይ ማንሣት ነው። የታመመች እናት ያላት ልጅ «እናትሽ ስለ ደከመች ነው» ሲሏት የምትሰማውን በክፍል ውስጥ በዕውቀት መመለስ ይቻላል። የእናቷ ሰውነት ተዋግቷል፤ ምናልባትም ከሁሉ የበለጠ ተዋግቷል። ተዋጊ በሐሰተኛ ማኅተም ቢታለል ነውሩ የአታላዩ ነው።

ሁለተኛው ስለ ጊዜ ማስተማር ነው። ዕጢ በትንሽነቱ ሳለ የሚልካቸው ከረጢቶች ጥቂት ናቸው፤ ሲያድግ መልእክተኞቹም ይበዛሉ፤ ሩቅ ያለው አካልም ይዘጋጅለታል። በጡት ላይ የማይጠፋ እብጠት፣ ከወር አበባ ውጭ የሚፈስ ደም፣ ምግብ ሲውጡ የሚያንቅ ጉሮሮ ሲኖር ቶሎ ለሐኪም መታየት ያስፈልጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት በዚህ ነገር ላይ በሙሉ እውነት ነው። እጅግ የሚያቃጥል መጠጥ፣ ይኸውም ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ፣ ለጉሮሮ ነቀርሳ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል በ2016 የዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት አስታውቋል፤ ስለዚህ በሐርጌሳም በሐረርም ሻይን ጥቂት አብርዶ መጠጣት ገንዘብ የማያስወጣ ጥንቃቄ ነው።

ሦስተኛው ዘበኞቹ ቀድመው እንዲማሩ መርዳት ነው። የማሕፀን በር ነቀርሳ የሚመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ በተባለው ቫይረስ ነው፤ ክትባትም አለው። ኢትዮጵያ ይህን ክትባት በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ስትጀምር ዋናው የመስጫ ስፍራ ትምህርት ቤት ነበር። ክትባት ማለት ጠላቱ ገና ሳይገባና አንድም ሐሰተኛ ደብዳቤ ሳይጽፍ ለዘበኞቹ መልኩን ማሳየት ነው። የተከተበች ልጃገረድ ሰውነት ቫይረሱ ሲመጣ ለይቶ ያውቀዋል። ወላጅ ሲያመነታ፣ ወሬ ሲናፈስ፣ ልጅቱ በክትባቱ ቀን ከትምህርት ቤት ስትቀር፣ ወደ ቤት ሄዶ በትሕትና የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ መምህር ነው። በዚያን ቀን የተነገረች አንዲት ቃል ከሃያ ዓመት በኋላ አንዲትን እናት ከጅጅጋና ከአዲስ አበባ ጉዞ ልታድናት ትችላለች።

የተከበራችሁ መምህራን፤ የእነዚህ ከረጢቶች ታሪክ የመምህርን ሥራ የሚመስል ነገር አለው። ሰውነት ሕዋሳቱን የሚያስተምረው መልእክት በመላክ ነው፤ ነቀርሳም የሚያጠፋው ያንኑ መንገድ በሐሰት በመሙላት ነው። በቤተ ሙከራ የሚደክሙት ሊቃውንት ሐሰተኛውን መልእክት የሚያቋርጡበትን መንገድ እየፈለጉ ነው። እስኪያገኙት ድረስ በሰው መካከል የሚዞረውን ሐሰተኛ መልእክት፣ ይኸውም ርግማን ነው፣ ድካም ነው፣ ከክትባት መሸሽ ይሻላል የሚለውን ማቋረጥ የመምህሩ ድርሻ ነው። በ26 ጁን ሰፈርም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ «የእናቴ ሰውነት ለምን ተሸነፈ?» ብላ የምትጠይቅ ልጅ ከመምህሯ እውነተኛና ርኅራኄ ያለበት መልስ እንድታገኝ ይሁን።